የዘይነባ ፓስፖርትና የሀዋ የስፌት መኪናዎች

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ፣ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። የቢሮዋ ባለቤት ጋሽ አበራ ትራንዚተር ነበሩ፤ የነጋዴን ዕቃ ጉምሩክ ገብተው የሚያስጨርሱ ሰው ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት "እንደምን አደሩ" ስላቸው መልስ ሳይሰጡኝ አንድ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉልኝ። "ስህተት አለበት። እስከ ምሳ ፈልገህ አግኝ" አሉኝ።

ፋይሉ ውስጥ ኢንቮይስ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የጭነት ሰነድ፣ የባንክ ፈቃድና ገና ያልገባ ዲክላራሲዮን ነበር። ዲክላራሲዮን ባለዕቃው "ያመጣሁት ይህን ነው" ብሎ ለጉምሩክ የሚያስታውቅበት ቅጽ ነው። ሁሉንም ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ምንም አላገኘሁም። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ "ለመሆኑ ባለዕቃው ምን ዓይነት ሰው ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጋሽ አበራ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰውየውን ማን ጠየቀህ? ሰው ይረሳል፣ ይዋሻል፣ ሲብስበትም ያለቅሳል። አንተ ወረቀቱን አንብብ።" ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቦታ ከበብ አደረጉልኝ። ኢንቮይሱ አርባ ካርቶን ይላል፣ የዕቃ ዝርዝሩ ደግሞ አርባ ሁለት። ሁለት ካርቶን ከዓይኔ ሥር ማምለጡ ቀኑን ሙሉ ሲያናድደኝ ዋለ። ከዚያ ወዲያ "ወረቀቱን አንብብ" የሚለውን ቃላቸውን ልቤ ላይ ጻፍኩት።

እሳቸው ዘንድ እየሠራሁ በማታው ክፍል ሕግ ተማርኩ። የጥብቅና ፈቃዴን ሳወጣ ወደ ተወለድኩበት ሐይቅ ከተማ ተመልሼ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። "ሐይቅ ላይ ምን ጉምሩክ አለ? ዓሣውን ነው ቀረጥ የምታስከፍለው?" አሉኝ። ሳቃቸው ብዙ አልቆየም። እኛ አገር ዐረብ አገር የደረሰ ልጅ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ የተመለሰም ባዶ እጁን አይመለስም። ማሾ ሰብስቦ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ አለ። የአምባሰልን ማር አሽጎ ለመላክ የሚሞክርም አለ። ሁሉም ዕቃው ኮምቦልቻ ላይ ሲቆምበት ሰው ይፈልጋል።

የማሾ ነጋዴዎቹን ማስተማር ከሁሉም ከበደኝ። እህል ወደ ውጭ ለመላክ የሽያጭ ውል፣ የባንክ ፈቃድ፣ የጥራትና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ አንዱ ከጎደለ መኪናው አይንቀሳቀስም። እነሱ ግን ዕድሜያቸውን በቃል የተገበያዩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሐጂ ውሉን አምጡ ብላቸው ተቆጡኝ። "ዱዓ አድርገን ተስማምተናል እኮ! ከዱዓ የሚበልጥ ምን ውል አለ?" አሉኝ።

"ዱዓውን አላህ ይቀበለው፣ ሐጂ። ባንኩ ግን ፊርማ ይፈልጋል" አልኳቸው።

የብር ጌጥ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ደንበኛም ነበረኝ። አምባሮቹን ባለፈው ወር ያሠራቸው ናቸው፤ ገዢ እንዲወድለት ግን በጭስ አጥኗቸው የጥንት አስመስሏቸዋል። ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ ስለሚከለከል፣ ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን ባለሙያ አይቶ ማረጋገጥ አለበት። ባለሙያው አምባሮቹን አገላብጦ "እነዚህማ ጥንታዊ ናቸው" ብሎ ያዛቸው። ደንበኛዬ አዲስ ናቸው እያለ ይምላል፤ ለገዢው የጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ከቅድመ አያቱ የወረሳቸው መሆናቸውን ይተርካል። "አንድ አምባር ሁለት ዕድሜ አይኖረውም፤ አንዱን ምረጥ" አልኩት። በመጨረሻ አንጥረኛውን ራሱን ወስደን አስመሰከርን። ያን ቀን በራሴ ኮርቼ ነበር። ወረቀት የሚያነብ ሰው የሚያመልጠው ነገር የለም ብዬ አሰብኩ።

ሀዋ ሰይድ ወደ ቢሮዬ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ሀያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥቁር ሂጃብ አድርጋለች፤ ስትናገር እጆቿ አያርፉም። ከዐረብ አገር የተጫኑ ስድስት የስፌት መኪናዎች ኮምቦልቻ መጋዘን ደርሰዋል። ሐይቅ ላይ የልብስ ስፌት ቤት መክፈት ትፈልጋለች። የሰባት ዓመት ልፋቷ ስድስቱ መኪናዎች ውስጥ እንዳለ ነገረችኝ።

ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አንዱ ፓስፖርት፣ አንዱ የቀበሌ መታወቂያ ነው።

"ፓስፖርቱ የዘይነባ ነው፤ ታላቄ ናት። እኔ ሀዋ ነኝ" አለችኝ።

ከውጭ ለሚመለስ ሰው የሙያ መሣሪያውን ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባበት መብት አለ። የመመሪያው ዝርዝር በየጊዜው ይቀያየራል፤ አንድ ነገር ግን አይቀየርም፤ መብቱ የባለፓስፖርቱ ነው። እኔም ወዲያው ገባኝ ብዬ ደመደምኩ። ዕቃው የታላቅየዋ ነው፣ ታናሽየዋ ልታስጨርስላት መጥታለች። "ችግር የለም። ዘይነባ ውክልና ትስጥሽ" አልኳት።

ሀዋ ቀና ብላ አየችኝ። "እንደዚያ ይቻላል?"

"ለምን አይቻልም? በየቀኑ የምንሠራው ነው።"

"አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ ሙሄ" ብላ ፊቷ በራ።

በማግስቱ ዘይነባ የቀበሌ መታወቂያዋን ይዛ ሰነድ ማረጋገጫ ቀረበችና ውክልናውን ፈረመች። እኔ ሌላ ጉዳይ ስለነበረኝ አብሬያቸው አልሄድኩም። ሰነዶቹን በማያይዝበት ጊዜ የዘይነባን መታወቂያ ከፓስፖርቱ ኮፒ ጋር አመሳከርኩ። ስም ይገጥማል። የአባት ስም ይገጥማል። የትውልድ ቀን ይገጥማል። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የገጠመ ወረቀት አይቼ አላውቅም። በኮፒው ላይ ያለው ፎቶ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነበር፤ ዋናውን ፓስፖርት ከፍቼ ፊቱን አላየሁም። ፊት ማየት ከጋሽ አበራ የተማርኩት ሥራ አልነበረም።

ዲክላራሲዮኑ ገባ። ከሳምንት በኋላ ሰነድ መርማሪው ደወለልኝ። ቁጥብ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ብዙ ዓመት እንተዋወቃለን። "ወካይዋ በአካል ብትቀርብ ጥሩ ነው" አለኝ። ምክንያቱን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ዘይነባ ሕፃን አዝላ፣ አንድ ልጅ በእጇ ይዛ መጣች። ሀዋ ከጎኗ ተቀመጠች። መርማሪው ፓስፖርቱን ገልጦ የመግቢያና የመውጫ ማህተሞቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ "ወይዘሮ ዘይነባ፣ ሰባት ዓመት ውጭ አገር ነበርሽ?" አላት።

ዘይነባ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት፤ መልሺለት ማለቴ ነበር።

"ማን፣ እኔ? ወላሂ እኔ ከደሴ አልፌ አላውቅም። ኮምቦልቻንም ዛሬ ነው ያየሁት" አለች።

መርማሪው ፓስፖርቱን ወደ እኔ አዙሮ ከፈተልኝ። ፎቶው ላይ ያለችው ሀዋ ነበረች፤ ፊቷ ገና የልጅ ፊት ነው፣ ግን ሀዋ ናት። መርማሪው ድምፁን ሳያነሳ ነገረን። ውክልናው እውነቱን አይገልጽም፤ ጉዳዩ ወደ ሕግ ክፍል ይመራል፤ ዕቃው መጋዘን ይቆያል። የመጋዘኑ የጊዜ ገደብ ካለፈ ዕቃው እንደተተወ ተቆጥሮ ለጨረታ ይወጣል።

የተመለስነው በሚኒባስ ነው። ከደሴ ስንወጣ ንዴቴን መያዝ አቃተኝ። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ነገርኩዎት እኮ!" አለች ሀዋ፤ እንባዋ መጣ። "ፓስፖርቱ የዘይነባ ነው አልኩዎት። እኔ ሀዋ ነኝ አልኩዎት። ሐይቅ ተወልዶ ይሄ የማይገባው ሰው አለ? ውክልና ሲሉኝ አንቱ ዘዴ ያገኙልኝ መሰለኝ።"

እውነቷን ነው። ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ በታላቋ ወረቀት መሄዷን በእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። ሀዋ ስትሄድ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ የዘይነባን ወረቀት ሰጥተው፣ ፓስፖርቱ በዘይነባ ስምና ዕድሜ ወጣ፤ ፎቶው ብቻ የሀዋ ሆነ። ለዚህ ነው ወረቀቶቹ እንደዚያ የገጠሙት። ተመልሳ ስትመጣ ቀበሌው በሚያውቃት በራሷ ስም መታወቂያ ሰጣት። ከጎረቤት ሻይ ቤት አንዱን ጠርቼ ብጠይቅ ማንም በአንድ አፍታ የሚነግረኝን ነገር፣ እኔ ባለፈቃዱ ጠበቃ አላየሁትም።

በማግስቱ የማውቀው አንድ ትራንዚተር ደወለልኝ። ወሬው ደርሶታል። "ቀላል ነው። ዘይነባ ደንግጬ ነው፣ ሄጄ ነበር ትበል። ልጆቹን የእህቴ ናቸው ትበል። ፎቶው ሲያረጅ ይለወጣል" አለኝ። ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም፤ ግን አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ፈቃዴ ታሰበኝ፣ ስሜ ታሰበኝ። ከዚያ ያቺ ሴትዮ "ከደሴ አልፌ አላውቅም" ስትል የነበረው ፊቷ መጣብኝ። እሷን ዋሺ ብዬ ማስጠናት አልቻልኩም።

ሁለቱን እህትማማቾች ጠርቼ ነገርኳቸው። ለጉምሩክ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ውክልናው በእኔ ምክር፣ በእኔ ጥፋት የተሠራ መሆኑን እገልጻለሁ። ሀዋ ደግሞ ለወረዳው ፍርድ ቤት አቤቱታ ታቀርባለች፤ በፓስፖርቱ ላይ ዘይነባ የተባለችው ሀዋ መሆኗ በምስክር እንዲረጋገጥ። ፍርድ ቤቱ ከወሰነ ጉምሩክ ከእውነተኛዋ ባለዕቃ ጋር ይነጋገራል። ካልወሰነ፣ ወይም ከዘገየ፣ መኪናዎቹ ለጨረታ ይወጣሉ። አልደበቅኳትም።

አቤቱታውን አትሜ እስክሪብቶ ሰጠኋት። ፈረመች። ፊርማውን ሳየው "ዘይነባ" ይላል። ይቅርታ ጠይቃ በሌላ ወረቀት ሞከረች፤ እጇ እንደገና ወደ "ዘ" ሄደ። በሦስተኛው ቆመች። "የራሴ ፊርማ የለኝም እኮ፣ ጋሼ" አለችኝ። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ የቤት ሠራተኝነት ውሉንም፣ የባንኩንም፣ የአየር ማረፊያውንም በእህቷ ስም ነበር የፈረመችው። መታወቂያ ሲሰጧት እንኳ ያስፈረሟት በጣት አሻራዋ ነበር። በመጨረሻ ተማሪ እንደሚጽፍ ቀስ ብላ፣ በትልቁ "ሀዋ ሰይድ" ብላ ጻፈች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አዝኜ ነበር፤ አፍሬም ነበር።

ሦስት ምስክር ያስፈልገን ነበር። አንድ ጎረቤትና የድሮ መምህሯ ቶሎ ተስማሙ። ሦስተኛው ግን ነገሩን ከሥሩ የሚያውቀው፣ አባቷ መሆን ነበረበት። ሀዋ ደፍራ ልትጠይቃቸው አልቻለችም። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው መንደራቸው እኔ ሄድኩ።

አባባ ሰይድን ያገኘኋቸው የሽንኩርት መደባቸውን ውኃ ሲያጠጡ ነው። ስለ መኪናዎቹ ሁሉን ሰምተዋል። ምርኩዛቸውን ተደግፈው አዳመጡኝ።

"እና ዳኛ ፊት ቆሜ፣ እኔ ነኝ ያጭበረበርኩ ልበል?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባባ። ሊያስጠይቅዎትም ይችላል። ይህን ሳልነግርዎት አላስመሰክርዎትም።"

ጎንበስ ብለው ውኃውን ወደ ሌላው መደብ መለሱ። "ያስምላሉ?"

"ቁርኣን አስይዘው ያስምላሉ።"

"እንግዲያውስ እመጣለሁ። ያኔ ወረቀቷን ስሰጥ ማንም አላስማለኝም። ከማልኩ ግን የማውቀውን እናገራለሁ። አንተም አብሽር፣ ፊትህ ጠቁሯል" አሉኝ። መደባቸውን ትተው እስከ መንገዱ ሸኙኝ።

በችሎቱ ቀን ነጭ ኮፍያ አድርገው ቀረቡ። ማሉ። ዳኛዋ ወጣት ናት፤ በእርጋታ ነው የምትጠይቀው።

"የትልቋን ወረቀት ለታናሿ የሰጠው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ታናሿ ዕድሜዋ አልደረሰም ነበር። ትልቋ እንዳትሄድ አግብታለች። የዚያን ዓመት ደግሞ ማሳው ምንም አልሰጠንም።"

"ጥፋት መሆኑን አያውቁም ነበር?"

አባባ ሰይድ ልጃቸውን አየት አደረጉ። "አውቅ ነበር" አሉ።

ሀዋ አንገቷን ደፍታ ነበር። እንደዚያ ያለ ምስክርነት ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አልሰማሁም። ጠበቃ ሆኜ የምጨምረው ቃል ስላልነበረኝ "ጥያቄ የለኝም" ብዬ ተቀመጥኩ።

ውሳኔው የመጋዘኑ ገደብ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ደረሰን። በፓስፖርቱ ላይ ዘይነባ ሰይድ ተብላ የተመዘገበችው ሀዋ ሰይድ መሆኗ ተረጋግጧል ይላል። የዚያኑ ቀን ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሕግ ክፍሉ ደብዳቤዬን ከውሳኔው ጋር አያይዞ መረመረ። መብቱ የሀዋ መሆኑን ተቀበለ፤ ውክልናው እውነት ባለመግለጹ ግን ቅጣት ጣለ። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ልክፈል ብዬ ተከራከርኩ። ሀዋ እምቢ አለች፤ ጥፋቱ የጋራ ነው ብላ ግማሽ ግማሽ አስደረገችኝ። ለእኔም አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ዛሬም ፋይሌ ውስጥ አለ። አባባ ሰይድን እስካሁን የጠራቸው የለም።

መኪናዎቹ በሚለቀቁበት ቀን ሁለቱም እህትማማቾች መጡ። ሠራተኛው የመረከቢያውን ቅጽ በመስኮቱ አወጣ። ሀዋ እስክሪብቶውን ተቀብላ አላሰበችም፣ አልቆመችም። "ሀዋ" ብላ ፈረመች። ሕፃኑን ያዘለችው ዘይነባ ከኋላዋ አንገቷን አስግጋ አየችና ሳቀች።

"አልሐምዱሊላህ! ሰባት ዓመት ይዛው የሄደችውን ስሜን መለሰችልኝ" አለች።

የመጋዘኑ ጫኞች ሳይቀሩ ሳቁ። ሀዋ ግን ሳቋ መሀል ላይ ተቋርጦ እህቷን አቅፋ አለቀሰች። ስድስቱ መኪናዎች ተጭነው ሐይቅ ገቡ። አሁን ስፌት ቤቱ ከቢሮዬ ሁለት በር አልፎ ነው፤ የምለብሰውን ሸሚዝ የሰፋችው እሷ ናት።

ጋሽ አበራ ትክክል ነበሩ፤ ወረቀቱን አሁንም አነባለሁ፣ በቀይ እስክሪብቶም እከባለሁ። ከዚያ ጉዳይ ወዲህ ግን ማንኛውም ደንበኛ ፓስፖርቱን ሲያስቀምጥልኝ ገልጬ ፎቶውን አያለሁ፤ ቀና ብዬም ፊቱን አያለሁ። ሌላ ወረቀት ከመንካቴ በፊትም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። "እናትሽ ማን ብላ ነው የምትጠራሽ?"